የእንግሊዙ ንጉሥ ላስት ኔም አላቸው? ስለ «ዊንድሰር» የምታውቁ በሉኝ

የሊድሷ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ጠይቄ ልሂድ።

ልጄ ማርታ አራተኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን የቤት ሥራ ይዛ መጣች። «የቤተሰብ ስምሽ ምን ማለት ነው?» ይላል። ለጓደኞቿ ቀላል ነው። ስሚዝ ቀጥቃጭ፣ ቤከር ዳቦ ጋጋሪ፣ ሂል ኮረብታ። የእሷ ግን በመዝገብ ላይ «ማርታ ተስፋዬ» ነው። ተስፋዬ አያቷ ናቸው። ባለቤቴ እዚህ አገር ሲገባ የአባቱ ስም ላስት ኔም ሆኖ ቀረ፤ ልጅቷም እሱኑ ወረሰች። ባለቤቴ ዳዊት ነው የሚባለው። ስሙ በገዛ ልጁ ስም ውስጥ የለም። እኔማ ጭራሽ ሌላ ነኝ። አንዴ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ «ይቺ ልጅ ልጅሽ ናት?» ተብዬ ከነሻንጣዬ ተገትሬያለሁ።

እና ማርታ ምን ብላ ጻፈች? «አያቴ ማለት ነው።» አስተማሪዋ ከሥሩ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «ማን እንደሆነ ሳይሆን ምን ማለት እንደሆነ ጻፊ» ብላ መለሰችላት።

ቁጭ ብለን ስናስተካክል ልጅት ቀና ብላ «ማሚ፣ የንጉሡስ ላስት ኔም ምንድን ነው?» አለችኝ። ዊንድሰር አልኳት። «ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «ዊንድ» ነፋስ አይደል? የነፋስ ነገር ይመስለኛል አልኳት። ፊቷን ባያችሁት። አላመነችኝም። እባካችሁ አስረዱኝ፤ የቤት ሥራው ሰኞ ይሰበሰባል።

ትርጁማን

እህቴ፣ ልጅሽ አለማመኗ ልክ ነው። ነፋስ የለበትም።

ስሙ የቦታ ስም ነው፤ ከጥንቱ እንግሊዝኛ የመጣ። መጀመሪያ «ዊንድልስ ኦራ» ነበር። «ዊንድልስ» ገመድ የሚጠመጠምበት፣ እያዞሩ ከባድ ነገር የሚስቡበት መሣሪያ ነው። «ኦራ» የወንዝ ዳርቻ። ቦታው ቴምዝ ወንዝ ዳር ነው። ጀልባና ጭነት በገመድ እየተጎተተ የሚወጣበት ዳርቻ ነበር ማለት ነው። «ዊንድ» የሚለውን እንደ ነፋስ ሳይሆን እንደ «መጠምጠም» ውሰጂው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ የመጀመሪያው ቦታ ዛሬ የዊንድሰር ቤተ መንግሥት ያለበት አይደለም። ዛሬ «አሮጌው ዊንድሰር» የሚባለው መንደር ነው፤ ወንዙን ተከትለሽ ወረድ ስትዪ ታገኚዋለሽ። ድል አድራጊው ዊልያም ከ1066 በኋላ ምሽጉን ከፍ ያለ ጉብታ ላይ ሠራ። ከዚያ ሰዉም ስሙም ሽቅብ ወደ ምሽጉ ሄዱ።

የስላው_ልጅ

እኔ ከወንዙ ማዶ ስላው ነው የምኖረው። አውቶቡስ እነዳለሁ። የከተማዋን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠራ አትጠይቁኝ።

መጀመሪያ አጠራሩን እናስተካክል። እዚህ «ዊንድሰር» የሚል ሰው የለም። «ዊንዘር» ነው፤ «ድ»ዋ ትዋጣለች፣ «ሰ» ደግሞ «ዘ» ትሆናለች። እኔ መጀመሪያ ሰሞን «ዊንድሶር» ስል ተሳፋሪዎቹ ይስቁብኝ ነበር። ለአጻጻፉ ግን ሁላችንም የለመድነውን እንቀጥል።

አሮጌ_ጋዜጣ

ትርጁማን የቦታውን ነግሮሻል። እኔ ስሙ እንዴት የንጉሥ ስም እንደሆነ ልንገርሽ። ወጉ እዚህ ጋ ነው ያለው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 1917 ድረስ ዊንድሰር የሚባል ንጉሣዊ ቤት አልነበረም። ቤቱ «ሳክስ ኮበርግ ጎታ» ነበር የሚባለው። ስሙን ያመጣው የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት ነው፤ ጀርመን ነበር። ልጃቸው ኤድዋርድ ሰባተኛ በ1901 ሲነግሥ ያ ስም ዙፋን ላይ ወጣ። ማንም ግድ አልነበረውም።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። እንግሊዝ ከጀርመን ጋር እየተዋጋች ንጉሧ የጀርመን ስም ይዘው ተቀምጠዋል። ሕዝቡ በግልጽ ማጉረምረም ጀመረ። በ1917 ሰኔ 13 ቀን የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በጠራራ ፀሐይ ለንደንን ደበደቡ። 162 ሰው ሞተ። ፖፕላር የሚባል ሰፈር ትምህርት ቤት ላይ በወደቀው ቦምብ ብቻ 18 ሕፃናት አለቁ። የአውሮፕላኖቹ ስም ምን ይመስልሻል? «ጎታ»። የተሠሩበት ከተማ ስም ነው። ያው በንጉሡ ስም ውስጥ ያለው ከተማ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሚቆይ አልነበረም። ንጉሡ ጆርጅ አምስተኛ «ለመሆኑ የኔ የቤተሰብ ስም ምንድን ነው?» ብለው የዘር ሐረግ የሚያውቁትን የመንግሥት ባለሙያዎች አስጠየቁ። ሰዎቹ እርግጠኛ አልነበሩም! እንደ ድሮዎቹ ነገሥታት ስቱዋርት አይደለም፤ ምናልባት «ዌቲን» ይሆናል፣ ወይም «ዊፐር» አሉ። ንጉሥ ዊፐር። አስቡት። (ሳቄን ለመቆጣጠር ሻይ ላፍላ።)

ስለዚህ አዲስ ስም ፍለጋ ተጀመረ። ፕላንታጀኔት ተባለ፣ ቱዶር ስቱዋርት ተባለ፣ ዮርክ፣ ላንካስተር፣ ፊትዝሮይ፣ እንዲያውም በቀጥታ «ኢንግላንድ» ይባል ያለ ነበር። በመጨረሻ የንጉሡ ጸሐፊ ሎርድ ስታምፎርድሃም «ዊንድሰር» አሉ። ኤድዋርድ ሦስተኛ በ1312 እዚያ ተወልዶ «የዊንድሰሩ ኤድዋርድ» ይባል ነበር። በዚያ ላይ ቤተ መንግሥቱን የማያውቅ እንግሊዛዊ የለም። በሐምሌ 17 ቀን 1917 አዋጁ ወጣ። ቤቱም ቤተሰቡም ዊንድሰር ይባላል፣ የጀርመን ማዕረጎች ቀርተዋል ይላል።

ዘመዶቻቸውም ስማቸውን ቀየሩ። ባተንበርግ የነበሩት «ማውንትባተን» ሆኑ። «በርግ» በጀርመንኛ ተራራ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ማውንት» አሉትና ወደ ፊት አመጡት። ስም ተርጉሞ መልበስ ማለት ይሄ ነው።

ምን_አገባኝ

ስለዚህ ስሙ የውሸት ነው በሉኛ! ቤተ መንግሥታቸውን አይተው ስም አወጡ። እኔም አራት ኪሎ ነው ያደግሁት፤ ነገ ተነስቼ «አቶ አራት ኪሎ» ልባል?

አሮጌ_ጋዜጣ

@ምን_አገባኝ የውሸት አይባልም። የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ግማሹ የቦታ ስም አይደል? ልዩነቱ ሌላው ሰው ስሙን በጊዜ ብዛት ሲያገኘው እነሱ ባንድ ቀን አዋጅ አገኙት።

ትርጁማን

ከነሱ በፊት ስሙን የያዙ እውነተኛ ዊንድሰሮች ነበሩ። ይሄን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው፤ ምክንያቱ ሲገባችሁ እናንተም ደስ ይላችኋል።

ዊልያም አገሩን ከያዘ በኋላ የዊንድሰርን ምሽግ የሚጠብቅ አንድ ባላባት ነበር። በ1086 በተመዘገበው የመሬት ቆጠራ ውስጥ አለ። ስሙ «ዋልተር ፊትዝ ኦተር»። «ፊትዝ» በኖርማኖቹ ፈረንሳይኛ «ልጅ» ማለት ነው። እንግዲህ ሰውየው ዋልተር የኦተር ልጅ ነው። ዋልተር ኦተር። ልክ እንደኛ! አባት ስም ብቻ፣ አለቀ።

የዋልተር ልጅ ደግሞ ጌራልድ። እሱ በአባቱ ሳይሆን በቦታው ተጠራ፦ «የዊንድሰሩ ጌራልድ»። ወደ ዌልስ ሄዶ የንጉሥ ልጅ አገባ። ልጆቹ እንደገና ወደ አባት ስም ተመለሱ፤ «ፊትዝ ጌራልድ»፣ የጌራልድ ልጅ። ወደ አየርላንድ ተሻገሩ። እዚያ ስሙ ደረቀ። የልጅ ልጁም፣ የልጅ ልጅ ልጁም «ፊትዝ ጌራልድ» መባሉን ቀጠለ፤ ጌራልድ ከሞተ ስንት ትውልድ አልፎ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የመሐል ስማቸው ምን ነበር? ፊትዝጄራልድ። ከእናታቸው ወገን የመጣ ስም ነው።

በሌላ አነጋገር እንዲህ ያለው የቤተሰብ ስም ማለት አንድ ቀን የቆመ የአባት ስም ነው። የእህታችን ቤት የደረሰው ይኸው ነው። ተስፋዬ እንግሊዝ ሲገባ ቆመ።

የሊድሷ

ወይ ጉድ። «ተስፋዬ እንግሊዝ ሲገባ ቆመ» የሚለውን ለባለቤቴ አነበብኩለት። «አባቴ እንኳን እንግሊዝ ደብረ ዘይትንም አልረገጡ» አለ።

ቆይ ግን፣ ፊትዝ ለሴትም ይሆናል? ማርታ ናት የምትጠይቀው።

ትርጁማን

አይ፣ ወንድ ልጅ ነው። ለሴት አይሆንም። ግን ማን ይከሳታል።

ከረባት_ቤት

እኔ ታሪኩን አላውቅም፤ ከረባት ግን አውቃለሁ። ሙሽራና ሚዜ የማለብሰው እኔ ነኝ። ከአሥር ሙሽራ ስምንቱ «ዊንድሰሩን እሰርልኝ» ይላል። ያ ወፍራሙ፣ ሦስት ማዕዘን የሆነው፣ ኮሌታውን ሞልቶ የሚቀመጠው። እሱም የንጉሥ ነው?

አሮጌ_ጋዜጣ

@ከረባት_ቤት ያንተው ጥያቄ የባሰ ነው።

ኤድዋርድ ስምንተኛን ታውቃለህ፤ ሁለቴ የተፋታች አሜሪካዊት ለማግባት ብለው በታኅሣሥ 1936 ዙፋን የለቀቁት። ከዚያ «የዊንድሰር መስፍን» የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው። ልብስ አዋቂ ነበሩ። ከረባታቸው ሲታሰር ወፍራም ሆኖ ይታያል። ሰዉ እሱን ለመምሰል ከረባቱን ተጨማሪ ዙር እያዞረ ማሰር ጀመረ። «ዊንድሰር» ተባለ። ቀልዱ ምን መሰለህ? ሰውየው እንደዚያ አያስሩም ነበር። ከረባቱን ራሱን በወፍራም ጨርቅ ያሰፉና እንደ ማንም ሰው ቀላሉን ያስራሉ።

ከረባት_ቤት

በጌታ! ስንት ዓመት አንገት አንቄበታለሁ።

ትርጁማን

@ከረባት_ቤት አትዘን። ስሙ እኮ መጠምጠም ነው ብያለሁ። የከረባቱ ከሁሉም በላይ ለትርጉሙ ቀርቧል።

የሊድሷ

ሌላ ጥያቄ። ማውንትባተን ዊንድሰር የሚባልም አያለሁ። የቱ ነው ትክክሉ? ማርታ «አንዱን ምረጪ» ብላኛለች።

አሮጌ_ጋዜጣ

ይሄ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው። ከመካከል መግባት ባይገባኝም ልግባ።

ልዑል ፊሊፕ በ1921 ግሪክ አገር ኮርፉ ደሴት ላይ ተወለዱ። የግሪክና የዴንማርክ ልዑል ናቸው፤ የቤታቸውን ስም ብጽፍልሽ ሁለት መስመር ይፈጃል። በ1947 እንግሊዛዊ ሲሆኑ የእናታቸውን ወገን ስም ወሰዱ፤ ማውንትባተን። ኤልሳቤጥን አገቡ። በ1952 ኤልሳቤጥ ነገሡ። አጎትየው ሎርድ ማውንትባተን «አሁን የነገሠው የማውንትባተን ቤት ነው» ብለው ፎከሩ ተባለ። ወሬው የንግሥቲቱ አያት ንግሥት ሜሪ ጆሮ ገባ። ሜሪ ደግሞ ወደ ቸርችል ሰዎች ላኩ። ቸርችል ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ካቢኔው ተሰበሰበ። በሚያዝያ 9 ቀን 1952 ንግሥቲቱ «እኔም ልጆቼም ዊንድሰር ነን» ብለው አወጁ።

ፊሊፕ በጣም ተናደዱ። በዚህ አገር ስሙን ለልጆቹ እንዳይሰጥ የተከለከለ ብቸኛ ወንድ እኔ ነኝ እያሉ ያማርሩ ነበር። @የሊድሷ ባለቤትሽ ይሄን ቢያነብ የሚያዝንላቸው ይመስለኛል።

በየካቲት 8 ቀን 1960 ነገሩ በግማሽ ተስተካከለ። ንግሥቲቱ ሌላ መግለጫ አወጡ። ቤቱ ዊንድሰር እንደሆነ ይቀጥላል። «ልዑል» የሚል ማዕረግ የሌላቸው የልጅ ልጆች ግን ስም ሲያስፈልጋቸው «ማውንትባተን ዊንድሰር» ይሆናሉ።

«ስም ሲያስፈልጋቸው» የምትለዋን ልብ በይ። ማዕረግ ያለው ሰው ላስት ኔም አያስፈልገውም። ንጉሥ ቻርልስ ሲፈርሙ «ቻርልስ አር» ብቻ ነው፤ «አር»ዋ በላቲን ንጉሥ ማለት ናት። ፓስፖርት እንኳን የላቸውም። የእንግሊዝ ፓስፖርት የሚሰጠው በንጉሡ ስም ስለሆነ ለራሳቸው አይሰጡም። ልዑል ዊልያምና ሃሪ ወታደር ቤት ሲገቡ የአባታቸውን ማዕረግ ስም አድርገው «ዌልስ» ነው የተባሉት። ሻምበል ዌልስ። የዊልያም ልጅ ትንሹ ጆርጅ በ2017 ትምህርት ቤት ሲገባ «ጆርጅ ካምብሪጅ» ተባለ፤ አባቱ ያኔ የካምብሪጅ መስፍን ስለነበሩ።

ምን_አገባኝ

በአዋጅ ያወጡትን ስም ራሳቸው አይጠቀሙበትም ማለት ነው? ድንቅ ቤተሰብ።

አሮጌ_ጋዜጣ

ብዙውን ጊዜ አይጠቀሙበትም። የንግሥቲቱ ልጅ ልዕልት አን በ1973 ሲያገቡ የጋብቻ መዝገቡ ላይ «ማውንትባተን ዊንድሰር» ተብሎ ተጻፈ። የሃሪ ልጅ አርቺም በ2019 ሲወለድ በዚሁ ስም ነው የተጠራው። ከዚያ ውጭ ስሙ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ከመሳቢያ የወጣበትን አንድ ቀን ልንገራችሁ። ያ የ1960ው መግለጫ የወጣው ሦስተኛው ልጅ ሊወለድ 11 ቀን ሲቀረው ነው። ልጁ አንድሩ ነው። በጥቅምት 2025 ንጉሡ የወንድማቸውን ማዕረግ ሲያነሱ ቤተ መንግሥቱ ከእንግዲህ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አሳወቀ፦ «አንድሩ ማውንትባተን ዊንድሰር»። በ65 ዓመቱ ላስት ኔም አስፈለገው።

ምን_አገባኝ

እሺ፣ ይሄኛው ጥሩ ነበር። ግን እውነቱን ንገሩኝ፣ እኛን ምን አገባን? እነሱ እኮ የኛንም ስም በቅጡ አይጠሩም። ጃንሆይን «ሚስተር ሥላሴ» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

የስላው_ልጅ

ያገባናል። አንድ ልጃችን እዚያ ነው ያለው።

ባለፈው በጋ ልጆቼን ዊንድሰር ያለው የልጆች መጫወቻ፣ ሌጎላንድ፣ ይዤ ልሄድ ዝናብ ጣለ። ትኬቱን ለሌላ ቀን አዞርኩና ቤተ መንግሥቱን እናያለን አልኳቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ገባን። ጃንሆይ በ1954 የተሸለሙት የጋርተር ኒሻን ቤቱ እዚያ ነው። እኔ ግን የፈለግሁት ሌላ ነበር። ለጠባቂዋ አንዲት አሮጊት ጠጋ ብዬ «አለማየሁ» አልኳት። ገና ሳልጨርስ «አላማዩ» ብላ በእጇ ጠቆመችኝ። የሚጠይቃት የኛ ሰው ብዙ መሆን አለበት።

ግድግዳ ላይ ያለች የነሐስ ሰሌዳ ናት። ልጄ ጮክ ብላ አነበበችው። «በዚህ አቅራቢያ የአቢሲንያ ንጉሥ የቴዎድሮስ ልጅ አላማዩ ተቀብሯል» ይላል። የልደቱና የሞቱ ቀን አለ። መታሰቢያውን ያቆሙት ንግሥት ቪክቶሪያ እንደሆኑ ይናገራል። ከታች ከማቴዎስ ወንጌል «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚል። እዚያች ቃል ላይ ስደርስ እኔ ዝም አልኩ። ከመቅደላ በ7 ዓመቱ የወሰዱት ልጅ፣ እናቱ ጥሩወርቅ በመንገድ የሞቱበት ልጅ። በ18 ዓመቱ ሞተ። የት እንደሞተ ታውቃላችሁ? @የሊድሷ አንቺ ከተማ። ሊድስ፣ ሄዲንግሊ።

አጽሙ ይመለስልን ተብሎ ከኢትዮጵያ ተጠይቋል። በ2023 ቤተ መንግሥቱ አጠገቡ የተቀበሩትን ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል። እሱ ሌላ ክርክር ነው፤ ሌላ ቀን እንከፍተዋለን።

ይሄን ክር ሳነብ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። አለማየሁ እዚያ የተቀበረው በ1879 ነው። ስሙ የወጣው በ1917። ልጃችን ዊንድሰር ውስጥ ሲገባ ዊንድሰር የሚባል ንጉሣዊ ቤተሰብ ገና አልነበረም። በ38 ዓመት ቀድሟቸዋል።

ትርጁማን

ሰሌዳውን እንደገና አንብቡት። «የቴዎድሮስ ልጅ አላማዩ» ነው የሚለው። ላስት ኔም የለውም። እንግሊዞቹ ራሳቸው እንደኛ ጻፉት።

ምን_አገባኝ

…እሺ። ስሜን እቀይራለሁ። (ወደ አራት ኪሎ ግን አይደለም።)

የሊድሷ

ሄዲንግሊ ከቤቴ በአውቶቡስ 20 ደቂቃ ነው። በዚያ በኩል ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። አላውቅም ነበር። ማርታም ሰማች። ዝም ብላ ስታስብ ቆየችና «ጓደኛ ነበረው?» አለችኝ። ምን ልበላት።

የቤት ሥራውን ጨርሰናል። ተስፋዬ ማለት «የኔ ተስፋ» ማለት እንደሆነ ጻፈች። አስተማሪዋ ባትጠይቅም ዊንድሰር የገመድ መጎተቻ ያለበት የወንዝ ዳር መሆኑንም ጨመረች፤ ጀልባ ሣለችበት፣ ዘውድ የደፋ ሰውዬ ገመድ ሲጎትት። ከዚያ ሽፋኑ ላይ ስም የሚጻፍበትን ቦታ አየሁት። «ማርታ ተስፋዬ» የሚለውን ሰርዛ «ማርታ ፊትዝ ዳዊት» ብላለች። ፊትዝ ለወንድ ነው ብዬ ነግሬያት ነበር፤ አልሰማችም።

ማታ አባቷ ከሥራ ሲገባ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አየው። ኮቱን ሳያወልቅ አነሳው።

«ይሄ ደግሞ የማን ስም ነው?» አለ።

«ያንተ» አልኩት።